ጉንጭ በእርሳስ ስንሞላ

እኔ ከፎቶ ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስል ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ እንዳይመስልህ፤ ጢሜ እንኳ ደህና አድርጎ የበቀለው አሁን በቅርቡ ነው። ጋሼ ይማም ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ደሴ ልጁ ዘንድ ገባ፤ እኔ ደግሞ ዋጃ ሚስት አግብቼ በአማቴ ወፍጮ እፈጫለሁ። ዱቄት ለብሼ ስወጣ ያየኝ ሁሉ «አራጋው፣ ሸበትክ እኮ» ይለኛል። እንግዲህ ሽበቱም አለኝ፣ የሥራ ዘመኑም አለኝ፤ ለትዝታ ምን ቀረኝ?

ከትምህርት ቤት ጋር ብዙም አልተስማማንም። ሦስተኛ ክፍል ላይ እሱም እኔን ተወኝ፣ እኔም እሱን ተውኩት። በፎቶ ግን አትምጣብኝ። ከአላማጣ እስከ ሮቢት በእኔ ጊዜ እኔን እሚያክል ፎቶ አንሺ አልነበረም። ጋሼ ይማም ይበልጠኝ ነበር፤ እሱ ግን ያስተማረኝ ሰው ስለሆነ አይቆጠርም።

የመጀመሪያው ጌታዬ አላማጣ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ አሁንም ያስፈራኛል። ፎቶ አጥቤ ሳሳየው ያየዋል፣ ይቀደዋል፣ «ውሃ ቅዳ» ይለኛል። «ምኑን ነው ያበላሸሁት ጌታዬ?» ስለው «ብታውቀው መቼ ታበላሸው ነበር» ይላል። እሱ ዘንድ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የተማርኩት ውሃ መቅዳት ነው። እሱንም ቢሆን ከእኔ በላይ እሚቀዳ አልነበረም።

ጥዬው ቆቦ መጣሁ። የጋሼ ይማም ፎቶ ቤት አውራ ጎዳናው ዳር፣ አውቶቡስ እሚቆምበት ፊት ለፊት ነው። ውስጡ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መጋረጃው ላይ ሐይቅ ተስሏል፤ ከሐይቁ በላይ አውሮፕላን ይበራል። ቆቦ ላይ ሐይቅ የለም፣ አውሮፕላንም ሲያልፍ እንጂ ሲያርፍ አላየንም፤ ግን ሰው ሁሉ እዚያ ፊት ቆሞ ነው እሚነሳ። ግድግዳው ላይ አንድ ኮት ከነክራቫቱ አለ። የቆቦ ወንድ ሁሉ የተነሳው በዚያች ኮት ነው። ቀጭን ሲመጣ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እንይዝለታለን፤ ወፍራም ሲመጣ የጀርባዋን ስፌት እንተረትርለታለን። ከፊት ስታየው ሁሉም ሚኒስትር ነው።

ጋሼ ይማም ረጅም፣ ከሲታ፣ ሽርጥ እሚያዘወትር የደሴ ሰው ነው። የእጥበቱ መድኃኒት የአውራ ጣቱን ጥፍር ቡናማ አድርጎበታል። ፎቶ ስትሰጠው መጀመሪያ ይገለብጠዋል፤ ራስ ወደ ታች፣ እግር ወደ ላይ። «ቀጥ አድርጌ ካየሁት ሰውየውን ነው እማይ፣ ሰውየውን ካየሁ ደግሞ እወደዋለሁ» ይላል፤ «ሲገለበጥ ግን ብርሃኑን ብቻ አያለሁ።» ከዚያ ያቀናውና በዚያ ቡናማ ጣቱ አንድ አንዱን ቦታ እየሸፈነ ያያል። ሸፍኖት ፎቶው ምንም ካልጎደለው ያ ነገር ሲጀመር መግባት አልነበረበትም ማለት ነው። ከዚያ «ማሻአላህ» ይልና አንድ ያማረ ነገር ይፈልጋል። ካጣም ይፈልጋል። አንዴ ብርሃን ገብቶበት ጥቁር ድንጋይ የመሰለ ወረቀት ይዤለት ብሄድ «ማሻአላህ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሸንጎ አለን። የታጠቡት ፎቶዎች ደጃፉ ላይ በገመድ ይንጠለጠላሉ፤ እኔ፣ እሱ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ አንዳንዴም አውቶቡስ እሚጠብቅ መንገደኛ በርጩማ ላይ እንቀመጥና እንፈርዳለን። ሕግ አለው። ወደድኩት ጠላሁት ከማለትህ በፊት ያየኸውን ትናገራለህ። ጉድለት ካወጣህ ደግሞ መላውን አብረህ ታመጣለህ። መላ የሌለው ሰው «አላማረም» ካለ ጋሼ ይማም «ሆድህ ውስጥ ያዘው» ይለዋል።

የኔ ፎቶ መጀመሪያ ሸንጎ የቀረበ ቀን የሮቢት ሙሽራ ነበር ያነሳሁት። እንደኔ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚያምር ፎቶ አልተነሳም። ጋሼ ይማም ገለበጠ፣ አቀና፣ ሸፈነ። «ማሻአላህ፣ ጫማው አበራ። አራጋው፣ ምን ታያለህ?»

«ሙሽራ።»

«ሌላስ?»

«ሙሽራ ነዋ ጋሼ፣ ሚዜዎቹን እኮ አላነሳሁም።»

«እራሱ ላይ የበቀለው የስልክ እንጨት ነው ወይስ ሙሽራው ቀንድ ነበረው?»

ልብስ ሰፊው ከበርጩማው ወደቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሲያመኝ ነው እምስቅ። ጋሼ ይማም ግን አልሳቀም፤ እጄን ይዞ ወደ መንገዱ ወሰደኝና ከእንጨቱ ፊት ራሱ ቆመ። «አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሂድ። አሁንስ?» እንጨቱ ከራሱ ላይ ጠፋ። በቃ፣ ይኸው ነው። አላማጣ ብሆን ኖሮ ገና ውሃ እየቀዳሁ ነበር።

ፍርድ መቀበሉን ቶሎ ለመድኩ፤ መስጠቱ ላይ ግን ምላሴ አስቸገረኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አንድ አስተማሪ ነበር፣ የራሱ ካሜራ ያለው። የእጮኛውን ፎቶ ይዞ መጣ፤ ደብዝዟል። «መምህር፣ ልጅቱ ናት ወባ የያዛት ወይስ አንተ?» አልኩት። ፎቶውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ጋሼ ይማም «እውነትህን ነው፣ እጁ ተንቀጥቅጧል» አለኝ። «ግን ምን ይዞ ሄደ?»

«ፎቶውን።»

«ስድብህን ነው ይዞ የሄደው። እጁ ነገም ይንቀጠቀጣል። ተነስ፣ ድረስበት።»

ሮጥኩ፣ ደረስኩበት፤ ክርኑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ እንዲያነሳ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ሸንጎውን እንደ ቤተ ክርስቲያን እሚሳለም ሆነ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ዝናሙ ቀረ። የራያ ሜዳ ላይ ማሽላው ሳያፈራ ቆሞ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሰው ከየቆላው ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ፎቶ ቤታችን በር ላይ ቆመህ ስታይ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ተኝቷል። ኮቷን እሚለብስ ጠፋ። ስለዚያ ጊዜ ቀልድ ልፈልግ ሞክሬ አላገኘሁም፤ እኔ ካላገኘሁ የለም ማለት ነው።

ያኔ ፎቶ እሚሹ ሌሎች ሰዎች መጡ፤ ባላቸው ወይ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ አሰብ፣ አዋሽ፣ ሰቲት የሄደባቸው። ጋሼ ይማም «ወረቀቱ እስኪያልቅ ሁሉንም አንሳ፤ ሒሳብ የሚባል ነገር እንዳትጠራ» አለኝ።

ከነሱ አንዷ ዝናሽ ናት። ከዋጃ በታች ካለ ቆላ ነው የመጣችው፣ ሁለት ልጆቿንና አማቷን እማማ ጥሩን ይዛ፤ መንገዱ ዳር በማዳበሪያ ጆንያ ጥላ ሠርተው ተቀምጠዋል። ባሏ ሞላ ክፉው ጊዜ ሳይብስ ነው አሰብ የሄደው፤ ወደብ ላይ ጭነት ይሸከማል። እሱ እሚያውቀው ጉድጓዱ ውስጥ እህል እንዳለ ነው። በዚያ መስመር እሚመላለስ ሐጎስ እሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አለ፤ በሱ ቃል ላከችበት። ሞላ ሰምቶ «እሺ» አለና ቀረ።

«ቃል አይሰማም» አለችን ዝናሽ። «ድሮም ራሴን ሲያመኝ ሞትኩ እል ስለነበር አሁንም የለመደባት ነው ይላል። ፎቶ ካየ ግን ልቡ ይነሳል። ይምጣና ያውጣን። ልጆቼ ሌላ ወር አይችሉም።»

አሁን እንዴት እንዳሰብን ስማኝ፣ የሁላችንም አሳብ አንድ ነበር። ሰው ሲናፍቅ ይመጣል። ሲናፍቅ ደግሞ እሚናፍቀው ያማረውን ነው። ጋሼ ይማም «ቆንጆ አድርገን እንጥራው» አለ። ልብስ ሰፊው ለሌላ ሰው የሰፋውን ሐበሻ ቀሚስ ለአንድ ሰዓት አዋሰን። ልጆቹ እሚለብሱት ስለሌለ «እነሱ ይቅሩ» አለች። ዝናሽን ሐይቁ ፊት አቆምናት፤ እማማ ጥሩን ከጎኗ በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው።

ቀጥሎ እኔ እማልታማበት ሥራ መጣ። ነጋቲቩ ላይ፣ ፎቶው እሚታተምበት ፊልም ላይ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥላ የወደቀበት ቦታ ስስ ሆኖ ይታያል። የጎደጎደ ጉንጭ ጥላ አለበት አይደል? ያንን ስስ ቦታ በሾለ እርሳስ ነጠብ ነጠብ እያደረክ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ስትሞላው ወረቀት ላይ ሲታተም ጉንጩ ሞልቶ ይወጣል። ከልክ ካለፍክ ፊቱ እንቁላል ይሆናል። ሙሽሮችን በዚህ ነበር እምናሳምር። ያን ቀን እንደሠራሁት ሠርቼ አላውቅም። የዝናሽን ጉንጭ ሞላሁ፣ የእማማ ጥሩን ዐይን ሥር ሞላሁ፣ አንገታቸው ላይ የቆመውን ጅማት አጠፋሁ።

ሸንጎው ተሰየመ። ጋሼ ይማም ገለበጠ፣ አቀና፣ ሸፈነ። «ማሻአላህ» ብሎ ገመዱ ላይ ሰቀለው። ሌላ ነገር ሳያወጣ ያለፈልኝ ፎቶ እሱ ብቻ ነው። እኔማ አንገቴን እስኪያመኝ ተኮፈስኩ።

እማማ ጥሩ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። ጥርስ ብዙም የላቸውም። «ኧረ እቺ ማናት በሞቴ! ሞላን የወለድኩ ጊዜ እንዲህ ነበርኩ እኮ! ዝናሽ፣ ነይ እስቲ እይኝ!»

«ኧረ አየሁዎት እማ፣ ሊዳሩ ነው እንዴ?» አለች ዝናሽ።

«ባገኝ ምን ይለኛል!»

አንዷን ፎቶ ሐጎስ ይዞ ሄደ።

ጠበቅን። መኪና ከደቡብ በመጣ ቁጥር ዝናሽ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። በመካከሉ እማማ ጥሩ ሞቱ። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሐጎስ ሲመለስ ብቻውን ነው የመጣው። ከጋቢናው የወረደው አንድ የታጠፈ የቀሚስ ጨርቅ ይዞ ነው፣ አበባ ያለበት። እኔም ዝናሽም መኪናው ሥር ቆመናል።

«የታለ?» አለችው።

«ዋ ዝናሽ፣ ምን ልበልሽ» አለ፣ ዐይኑን ጎማው ላይ አድርጎ። «ፎቶውን ሲያይ ዘለለ። ሻይ ቤት ለሻይ ቤት እየዞረ ለሰው ሁሉ አሳየ። ‹ምስቴ ወፍራለች፣ እናቴ ልጅ ሆናለች› ይላል። ‹ሐጎስ፣ ታጋንናለች አላልኩህም?› አለኝ። እኔ ተርበዋል አልኩት፣ በጌታ! ፎቶውን አሳየኝ። ምን እመልሳለሁ? ይሄን ጨርቅ ላከልሽ፣ ለፋሲካ አሰፊው ብሏል።»

ዝናሽ ጨርቁን ተቀበለች። እንደያዘችው ወደ ፎቶ ቤቱ ገባች፤ ተከተልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ይማም ፊት ቆማ «ፎቶው ቆንጆ ነው ጋሼ» አለች። «ግን ባሌን አልጠራልኝም።»

ጋሼ ይማም ለራሳችን ያስቀረናትን ቅጂ ከግድግዳው አውርዶ ገለበጣት። አቀናት። ጣቱን የዝናሽ ጉንጭ ላይ አደረገ፣ ከዚያ የእማማ ጥሩ ላይ። ማሻአላህ አልመጣም።

«እኔ ነኝ እርሳሱን የያዝኩት» አልኩት።

«እርሳሱን አንተ ያዝከው፣ እኔም አጸደቅኩት፤ ልብስ ሰፊው ቀሚስ አመጣ። ሁላችንም እዚህ ተቀምጠን ለራሳችን ዐይን ፈረድን። ፎቶውን እሚያየው ሰውዬ ግን ሸንጎው ላይ አልነበረም።» ወደ ዝናሽ ዞረ። «ልጄ፣ ደግመን እናንሳሽ። ያለ ውሰት ቀሚስ፣ ያለ መጋረጃ።»

«አይሆንም» አለች።

«ዝናሽ…»

«አይሆንም ጋሼ! እንደነዚያ መንገድ ዳር እንደወደቁት አታንሱኝ። ሰው ካሜራ ይዞ መጥቶ አጥንታቸውን ሲያነሳ አይቻለሁ፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቀም። እኔን እሚያየኝ ባሌ ነው። በየሻይ ቤቱ ይዞኝ ይዞራል ብሎኛል እኮ ሐጎስ። አጥንቴን ያሳይ?»

እውነቷን ነው። እኔ አራጋውም ያለ ቀልድ ካሜራውን መልሼ ሸፈንኩ፤ ይሄንን ቆቦ ላይ እሚያምንህ አታገኝም። ዝናሽ ወገቧን ያዘች፣ እጇም መቀነቷ ላይ እንዳረፈ ቀረ።

«ይሄን ሞላ ነው ያስሸመነልኝ» አለች። «ሸማኔውን ‹ምስቴ ወገበ ሰፊ ናት፣ ክንድ ጨምርላት› ሲለው ገበያው ሁሉ ስቆብኛል። ያኔ ሦስት ዞሮኝ ጫፉ ለመቋጠር ብቻ ነበር እሚተርፈኝ። አሁን ስንት እንደምዞረው እኔ ነኝ እማውቅ። እንደ ድሮው ሦስት ብቻ ልታጠቀው። ትርፉ የት እንደሚደርስ ይየው። ሌላ ሰው አይገባውም፤ እሱ ግን ይገባዋል።»

ታጠቀች። የተረፈው ጫፍ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ደረሰ።

ደጃፉ ላይ፣ በራሷ ቀሚስ አቆምኳት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ካሜራውን አየችው፤ ስለ እዳ ልትጠይቀው የመጣች ይመስል። አነሳሁ፣ አጠብኩ። ጋሼ ይማም እርሳሱን ከጠረጴዛው አንስቶ ለልብስ ሰፊው ሰጠው። «ጨርቅ ምልክት አድርግበት» አለው።

ሸንጎውን ያን ቀን ለየት አድርጎ ሰየመው። ዝናሽን በራሱ ወንበር አስቀመጣት፤ ሐጎስን ከመኪናው አስወርዶ «አንተ ዛሬ ሞላ ነህ» አለው። «ሻይ ቤት ተቀምጠሃል እንበል። ፎቶው መጣልህ። መጀመሪያ ምን ታያለህ?»

ሐጎስ ፎቶውን ያዘ። «ፊቷን። ከስታለች፤ ግን ተቆጥታ ነው እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አስቀምጠዋለሁ።»

«መቀነቱስ?» አለች ዝናሽ።

«የቱ መቀነት?»

ዋይ! ሰውዬው አላየውም። ቀረብ ብዬ ሳይ በሩ ነጭ ቀለም ነው፣ ቀሚሷ ነጭ፣ መቀነቱ ነጭ። ነጭ በነጭ ተውጦ ቀርቷል። እኔ ስለማውቀው ነበር እሚታየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ሹፌር ስለ ፎቶ ምን ያውቃል ብዬ እነዘንዝ ነበር። አሁን ግን መላው ራሱ መጣልኝ፤ የልብስ ሰፊውን ጥቁር የካፖርት ጨርቅ ከኋላዋ ወጠርኩ፤ እሷ ወደ ጎን ዞር እንድትል አደረግኩ፤ ጫፉ ከቀሚሷ ተለይቶ በጥቁሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲወርድ። እንደገና አነሳሁ። ሐጎስ ሁለተኛውን ሲያይ ጣቱ በራሱ ጊዜ በመቀነቱ ላይ ቁልቁል ሄደ።

«እህ» አለ ብቻ።

ዝናሽ ፎቶዋን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ እኔ ነኝ» አለች። «ውሰድለት።»

ሐጎስ በሚቀጥለው ምልልሱ መኪናውን ሳያቆም ገና ከሩቅ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። ከጭነቱ ላይ አንድ ሰው ዘሎ ወረደ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ በጨው የተበላ። ዝናሽ ጆንያው ጥላ ሥር ሆና አየችው፤ መነሳት አቅቷት እጇን ብቻ አነሳች። ልጆቹን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ተሸከማቸው። ምን ያህል እንደቀለሉት ፊቱ ላይ አየሁት።

በኋላ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ፣ ዝናሽም አብራው። የመጀመሪያዋን ፎቶ ከደረት ኪሱ አወጣ፤ በላብ ጠርዟ ተበልቷል።

«ሁለተኛው ላይ እናቴ ሳትኖር መሞቷ ገባኝ» አለ። «ሐጎስን ጠየቅኩት፣ ፊቱን አዞረብኝ።» ፎቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከእናቴ የቀረኝ ይሄ ነው። ግን ይሄ የሷ ፊት አይደለም። ስትሞት የነበራትን ፊቷን አላየሁም። እናንተ አይታችኋል።»

ጋሼ ይማም አንገቱን ደፋ። «ነጋቲቩ አለ ሞላ። እርሳሱ ይለቃል። ግን ወንድሜ፣ ከባድ ነው።»

«ይልቀቅ።»

ጥጥ በቤንዚን ነክሬ ነጋቲቩን ጠረግኩት። ስንት ሰዓት የተጎነበስኩበት ሥራ አንዴ ዳሰስ ሳደርገው ሄደ። ጨለማው ክፍል ገብቼ አተምኩ፤ መድኃኒቱ ውስጥ እማማ ጥሩ ቀስ እያሉ መጡ፤ የጎደጎደው ጉንጭ፣ አንገታቸው ላይ የቆመው ጅማት፣ የሰፋ ዐይናቸው። ርጥቡን ፎቶ ይዤ ወጥቼ ከአሮጌዋ ጎን አስቀመጥኩለት።

ሞላ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ማናችንም ማንንም ምን ታያለህ ብለን አልጠየቅንም።

«ይሄኛው ሲያዩት ያማል» አለ። «ያኛው ግን አሰብ አስቀረኝ።» ርጥቡን ፎቶ በመዳፉ ላይ አድርጎ፣ እንዳይነካካ ከፊቱ አርቆ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ።

አሮጌዋ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ቀድጄ ልጥላት እጄን ስዘረጋ ዝናሽ ቀደመችኝና አነሳቻት።

«ተዋት» አለችኝ። «እማ የወደዷት ይቺን ነው። ስቀውባታል። እሱ የሱን ይያዝ፣ የሳቸውን እኔ እይዝላቸዋለሁ።»

መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት፣ ወጣችም።